ትንፋሽን በሥዕል ማየት

በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር


ከሒሳብ ሪፖርቱ ቀጥሎ ስለ ጤና ጥቂት ቃል እንዳሰማ ስለ ተፈቀደልኝ በቅድሚያ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የመረጥሁት ርእስ ትንፋሽ ነው። እድራችን ብዙውን ጊዜ የሚሰበስበን ትንፋሽ ካቆመ በኋላ ነው፤ ጡሩምባው የሚነፋው ያን ጊዜ ነውና። እኔ ግን ዛሬ ላወሳ የፈለግሁት ከዚያ በፊት ስላለው ጊዜ፣ ይኸውም ሰው እየተነፈሰ ነገር ግን ትንፋሹ አልበቃ ብሎት ስለሚኖርበት ጊዜ ነው።

ሁላችንም ከምናውቀው ነገር ልነሣ። አንድ ሰው ዳገት ሲወጣ ያለከልካል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ቆሞ ያርፋል። ሐኪም ቤት ይሄዳል፤ ራጅ ይነሣል። «ሳንባህ ንጹሕ ነው» ይባላል። ደስ ብሎት ይመለሳል፤ ዳገቱ ግን እንደ ቀድሞው ያስቆመዋል። ያን ጊዜ ቤተሰቡም ጎረቤቱም «ምንም የለበትም ተብሏል እኮ! ስንፍና ነው እንጂ» ማለት ይጀምራል። ውሎ አድሮ ሰውየው ራሱም ራሱን መጠራጠሩ አይቀርም። እንግዲህ ጥያቄው ይኸ ነው፦ ሳንባ በሥዕል ሲታይ ደኅና መስሎ በሥራው ግን ደካማ ሊሆን ይችላል ወይ?

መልሱ «አዎን፣ ይችላል» ነው። ሐኪሞች ይህን ከብዙ ዘመን ጀምሮ ያውቁታል። በዓይን እንዲታይ ያደረገው ግን በቅርብ ጊዜ የተገኘ አንድ የምርመራ ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ታካሚው ተለይቶ የተዘጋጀ ጋዝ አንድ ጊዜ ስቦ ትንፋሹን ይይዛል፤ ሳንባውም በኤም አር አይ መሣሪያ ይነሣል። ዘዴው እንዴት እንደሚሠራና ለእኛ ምን ትምህርት እንዳለው ባጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

የሳንባ ሥራ

ሳንባ እንደ ከረጢት የሚነፋና የሚተነፍስ አንድ ነገር ብቻ ይመስለናል። በመሠረቱ ግን ተገልብጦ እንደ ተተከለ ዛፍ ነው። ግንዱ የአየር ቧንቧው ነው። ከዚያ ወደ ሁለት ይከፈላል፤ ሁለቱም እንደገና ሁለት ሁለት እየሆኑ ከሃያ ጊዜ በላይ ይከፋፈላሉ። በመጨረሻዎቹ ቀንበጦች ጫፍ ላይ እንደ ወይን ዘለላ የተንጠለጠሉ ደቃቅ የአየር ከረጢቶች አሉ። በአንድ ሰው ሳንባ ውስጥ የሚገኙት ከረጢቶች ቁጥር ከ300 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ሁሉም ተዘርግተው ቢነጠፉ 70 ካሬ ሜትር ያህል፣ ከዚያም በላይ መሬት ይሸፍናሉ። የቤት ካርታችንን አውጥተን ብናይ ይህን ያህል ስፋት የሌለው በመካከላችን ይገኛል።

ይህ ሁሉ ስፋት የሚያስፈልገው ለአንድ ሥራ ነው። ሥራው ሦስት ደረጃ አለው። አንደኛ፣ አየሩ እስከ ከረጢቱ መድረስ አለበት። ሁለተኛ፣ በከረጢቱ ስስ ግድግዳ ማለፍ አለበት። ሦስተኛ፣ በግድግዳው ማዶ የሚጠብቀው ቀይ ደም ተቀብሎ መሄድ አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከተሰናከለ ሰውየው ትንፋሽ ያጥረዋል። አየሩ መንገድ ላይ ከታገደ፣ እንደ አስም ያለ ነው። ግድግዳው ከወፈረ፣ ሳንባው ጠባሳ ይዞ ሲደነድን የሚሆነው ነው። ደሙ ካልደረሰ ደግሞ የደም ሥር መዘጋት ሊሆን ይችላል። ያለከለከውን ሰው ብቻ ያየን እንደ ሆነ ሦስቱም አንድ ዓይነት ይመስላሉ።

ራጅ፣ ሲቲና ኤም አር አይ

ራጅ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1895 በጀርመናዊው ሊቅ በረንትገን ነው። ራጅ ጥላ ነው። ጨረሩ በሰውነታችን ውስጥ ሲያልፍ አጥንት ያግደዋል፤ አየር ያሳልፈዋል። የሳንባ ምች፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ ውኃ መቋጠር፣ እጢ፣ እነዚህን ሁሉ ለማየት እስከ ዛሬ ድረስ ትልቅ ባለውለታችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያው ታካሚ የታየበት የሃውንስፊልድ ሲቲ ስካን ደግሞ ያንን ጥላ እንደ ዳቦ ቁራጭ በቁራጭ እየከፈለ ለማየት አስቻለ። ይሁን እንጂ ሁለቱም የሚያሳዩን የቤቱን ግድግዳና ጣሪያ ነው። እቤት ውስጥ ሰው ይግባ አይግባ፣ ሥራ ይሠራ አይሠራ አይነግሩንም።

ኤም አር አይ ከእነዚህ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካዊው ላውተርበር በዚህ መንገድ ሥዕል ማውጣት እንደሚቻል አሳየ፤ እንግሊዛዊው ማንስፊልድም አሻሻለው። ሁለቱም ስለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2003 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ይህ መሣሪያ የራጅ ጨረር አይጠቀምም። የሚሠራው በታላቅ ማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰውነታችን አብዛኛው ውኃ ነው። በውኃ ውስጥ ሃይድሮጂን አለ። የሃይድሮጂን አቶም አስኳል እንደ እንዝርት የሚሾር፣ ራሱም ደቃቅ ማግኔት የሆነ ነገር ነው ብለን እናስብ። ሰውየው ታላቁ ማግኔት ውስጥ ሲገባ እነዚህ እንዝርቶች ሁለት ወገን ይሆናሉ፤ ግማሹ ከማግኔቱ ጋር፣ ግማሹ በተቃራኒው ይቆማል። ልክ በስብሰባችን ላይ «የምትደግፉ እጅ አውጡ፣ የምትቃወሙ እጅ አውጡ» እንደሚባለው ነው። መሣሪያው የሚሰማው የሁለቱን ወገን ልዩነት ብቻ ነው። እኩል የሆኑት ድምፆች ይጣፋሉ።

ታዲያ ልዩነቱ ስንት ይመስላችኋል? በብዙ ሆስፒታሎች በሚገኘው 1.5 ቴስላ በሚባለው ማግኔት ውስጥ፣ ከአንድ ሚሊዮን እንዝርት መካከል ደጋፊው የሚበልጠው በ5 ድምፅ ያህል ብቻ ነው! ይህ ጥቂት ልዩነት የሚበቃን በሰውነታችን ውስጥ ያለው ውኃ እጅግ ብዙ ስለሆነ ነው። አንጎል፣ ጉበት፣ ጡንቻ በውኃ የተሞሉ በመሆናቸው ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

ሳንባ ላይ ግን ነገሩ ይበላሻል። ሳንባ አብዛኛው አየር ነው፤ ውኃው ጥቂት ነው። ከዚያም በላይ አየርና ሥጋ በየቦታው እየተፈራረቁ የሚገናኙበት ስለሆነ የማግኔቱን ሥርዓት ያውኩታል፤ የምትገኘው ጥቂት ድምፅም በቅጽበት ትጠፋለች። ስለዚህ በተለመደው ኤም አር አይ ሳንባ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ጉድጓድ መስሎ ይታያል። ሊቃውንቱ «ሳንባው ራሱ ድምፅ ከሌለው፣ ድምፅ ያለው ነገር ለምን አናስገባበትም?» ብለው ተነሡ። ይህም ነገር ጋዝ መሆን አለበት፤ ሳንባ የሚቀበለው ጋዝ ነውና።

ጋዙ እንዴት ይዘጋጃል?

ለዚህ ሥራ የተመረጡት ሁለት ጋዞች ናቸው፤ አንደኛው ሂሊየም 3፣ ሁለተኛው ዜኖን 129 ይባላሉ። ሁለቱም ከማንም ጋር የማይጣሉ፣ ከማንም ጋር የማይጋቡ፣ ጨረርም የሌላቸው ናቸው።

ዜኖንን እ.ኤ.አ. በ1898 ለንደን ላይ ያገኙት ራምሴና ትራቨርስ የተባሉ ሊቃውንት ናቸው። ስሙን ያወጡለት ከግሪክ ቋንቋ ነው፤ ትርጉሙም «እንግዳ» ማለት ነው። በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ከ11 ሚሊዮን እጅ አንድ እጅ እንኳ ስለማይሞላ በእርግጥ እንግዳ ነው። የእንግዳነት ጠባይም አለው፤ ወደ ሳንባ ይገባል፣ በደም ውስጥ ጥቂት ይዘዋወራል፣ ምንም ሳይነካ መልሶ ይወጣል።

ነገር ግን ጋዝ ከውኃ ይልቅ እጅግ የሳሳ ነው። ከሚሊዮን 5 ድምፅ ቢበልጥ ለውኃ ይበቃል፤ ለጋዝ ግን አይበቃም። ስለዚህ ጋዙ ወደ ታካሚው ከመግባቱ አስቀድሞ ድምፁ ወደ አንድ ወገን እንዲያደላ መደረግ አለበት። «ተለይቶ የተዘጋጀ ጋዝ» የተባለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ መሠረት የሆነውን፣ አቶሞችን በብርሃን ወደ አንድ ወገን የማሰለፍን ጥበብ ያገኘው ፈረንሳዊው ካስትለር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1966 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ በአሜሪካ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ይህን ሰልፍ ከአንድ ብረት ወደ ሂሊየም 3 ማስተላለፍ እንደሚቻል ታወቀ። እነዚያ ሰዎች ስለ ሳንባ አላሰቡም፤ የአቶምን ጠባይ ለማወቅ ብቻ ይደክሙ ነበር። የዕውቀት ነገር እንዲህ ነው፤ ዘሪውና አጫጁ ሳይተዋወቁ ይቀራሉ።

ሥራው በተግባር ሲታይ እንዲህ ነው። ሩቢዲየም የሚባል ለስላሳ ብረት በመስታወት ዕቃ ውስጥ ተደርጎ እንፋሎት እስኪወጣው ድረስ ይሞቃል። በዚያ እንፋሎት ላይ ተመርጦ የተዘጋጀ የሌዘር ብርሃን ይበራበታል። ብርሃኑ የሩቢዲየሙን አቶሞች ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያሰልፋቸዋል። ዜኖኑ በዚያ መካከል ሲያልፍ ከሩቢዲየሙ ጋር እየተጋጨ ሰልፉን ይወርሳል። ከዚያ በኋላ ሩቢዲየሙ እዚያው ይቀራል፤ ዜኖኑ ብቻ ይወሰዳል። በብዙ መሣሪያዎች ዜኖኑ በፈሳሽ ናይትሮጂን ቅዝቃዜ እንደ በረዶ እንዲረጋ ይደረጋል፤ በማግኔት ውስጥ እስከ ተቀመጠ ድረስ ሰልፉን ለሰዓታት ይዞ ይቆያል። ሲፈለግ ይቀልጥና ወደ ፕላስቲክ ከረጢት ይገባል።

በዚህ ዓይነት ከ100 እንዝርት 60ው በአንድ ወገን፣ 40ው በሌላው ወገን ቢሆን፣ ልዩነቱ 20 ነው። ከሚሊዮን ሲሰላ 200,000 ይሆናል ማለት ነው። ቀድሞ ከሚሊዮን 5 ነበር። ስለዚህ 40,000 እጥፍ ሆነ። የሳሳው ጋዝ መታየት የቻለው በዚህ ሒሳብ ነው።

ይህ ሀብት ግን ባንክ እንደ ተቀመጠ ገንዘብ ወለድ የሚወልድ አይደለም። ኪስ ውስጥ እንዳለ ብር ነው፤ የወጣው አይመለስም። ጋዙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከኦክሲጅን ጋር ሲገናኝ ሰልፉ በ20 ሴኮንድ አካባቢ ውስጥ እየተበተነ ይሄዳል። ሥዕል ለማንሣት የሚላከው እያንዳንዱ የሬዲዮ ምትም ከዚያው ላይ ያጎድላል። ስለዚህ ባለሙያው ቆጥቦና ፈጥኖ መሥራት አለበት።

በታሪኩ እንደምናየው እ.ኤ.አ. በ1994 አልበርትና ጓደኞቹ ከአይጥ የወጣ ሳንባ በዜኖን አንሥተው አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ በዱክ ዩኒቨርሲቲና በጀርመን በማይንትስ ከተማ የሰው ሳንባ በሂሊየም 3 ታየ። በ1997 ደግሞ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የሰው ሳንባ በዜኖን ተነሣ።

መጀመሪያ ላይ ብልጫ የነበረው ሂሊየም 3 ነው፤ ድምፁ ይበልጥ ይሰማልና። ነገር ግን ሂሊየም 3 የሚገኘው ትሪቲየም የሚባለው የኑክሌር ቦምብ ዕቃ በጊዜ ብዛት ሲለወጥ ነው። ከ2001 የመስከረም አደጋ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት በየወደቡ የኑክሌር ዕቃ መፈለጊያ መሣሪያ ለመትከል ይህን ጋዝ በብዛት ስለ ወሰደ፣ በ2008ና በ2009 አካባቢ ጋዙ ጠፋ፤ ዋጋውም ናረ። ተመራማሪዎቹም ፊታቸውን ከአየር ወደሚገኘው ወደ ዜኖን አዞሩ። ይህም ለበጎ ሆነ፤ ምክንያቱን ቀጥዬ እናገራለሁ።

ምርመራው እንዴት ይደረጋል?

ታካሚው የዜኖንን ድምፅ የሚሰማ መቀበያ እንደ ሰደርያ ደረቱ ላይ ይለብሳል። እያንዳንዱ አቶም የራሱ የሬዲዮ ጣቢያ አለው፤ ሃይድሮጂን በአንዱ፣ ዜኖን በሌላው ይናገራል። ስለዚህ ተራው ኤም አር አይ እንዲሁ አይሆንም፤ በዜኖን ጣቢያ ላይ መቃኘት የሚችል መሆን አለበት። ታካሚው ተጋድሞ እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ጋዝ ከከረጢቱ ይስባል። ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ ትንፋሹን ይይዛል። ሥዕሉ በዚያች ጊዜ ይነሣል። ከዚያ መተንፈስ ነው፤ ጋዙም ይወጣል።

ዜኖን በብዛት ሲሳብ የማደንዘዝ ኃይል እንዳለው እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ አንዳንድ ሰው ለጥቂት ጊዜ ራሱን ያዞረዋል። ራስ ምታትና የጉሮሮ ሕመምም ያጋጥማል። ለእነዚያ ሴኮንዶች ከአየር ፋንታ ጋዝ ስለሚሳብ የደም ኦክሲጅን ለጊዜው ዝቅ ሊል ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ባለሙያ አጠገቡ ሆኖ ይቆጣጠራል። ደግሞም ዜኖን ከአየር አራት እጥፍ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ድምፅን ያጎረንናል። ሕፃን ልጅ እንደ ትልቅ ሰው ሲናገር መስማት ነው!

በሥዕሉ ላይ ጋዙ የደረሰበት ቦታ ይበራል፤ ያልደረሰበት ይጨልማል። የአስም ሕመምተኛ ሳንባ ላይ እዚህም እዚያም ጥቁር ጥቁር ቦታ ይታያል። የሚነፋውን መድኃኒት ወስዶ እንደገና ቢነሣ፣ ከጥቁሮቹ ብዙዎቹ ሲሞሉ ይታያሉ። መድኃኒቱ ሠርቷል አልሠራም የሚለው ነገር በክርክር ሳይሆን በዓይን ይፈታል ማለት ነው። ጨረር ስለሌለበትም ልጆችን ጭምር ደጋግሞ ማየት ይቻላል።

ዜኖን ከሂሊየም የሚበልጥበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። ዜኖን በሥጋና በደም ውስጥ ይሟሟል። በከረጢቱ ውስጥ ሳለ በአንድ ጣቢያ ይናገራል። ወደ ግድግዳው ሲገባ ጣቢያውን ትንሽ ይለውጣል። ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ሲገባ እንደገና ይለውጣል። እንግዲህ ሒሳብ ሹማችን እንደሚይዙት መዝገብ ሦስት ዓምድ አለን፤ በከረጢት ያለ፣ በግድግዳ ያለ፣ በደም ያለ። ቀደም ብዬ ሦስት ደረጃ ያልኋቸው እነዚሁ ናቸው። በግድግዳው ዓምድ ብዙ ተመዝግቦ በደሙ ዓምድ ጥቂት ከተገኘ፣ ግድግዳው ወፍሮ አላሳልፍ ማለቱን ያመለክታል። ሳንባቸው በጠባሳ የደነደነባቸው ሰዎች ላይ የሚታየው ይህ ነው።

በሥዕል ደኅና የተባለው ሳንባ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን ልመለስ። የኮቪድ ወረርሽኝ ከተነሣ በኋላ፣ ከበሽታው አገገሙ የተባሉ ብዙ ሰዎች በየአገሩ «ትንፋሽ ያጥረኛል» እያሉ ከወራት በኋላም ይቸገሩ ነበር። ሲቲ ስካን ሲነሡ ግን ብዙዎቹ ደኅና ወይም ለደኅና የቀረበ ሆኖ ይገኛል። በእንግሊዝ አገር የኦክስፎርድና የሼፊልድ ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉትን ሰዎች በዜኖን አነሡአቸው። እ.ኤ.አ. በ2021ና በ2022 ባወጡት ጽሑፍ እንዳስረዱት፣ ሲቲው ያላሳየውን ዜኖኑ አሳየ፤ ጋዙ ከሳንባ ወደ ደም የሚያልፍበት መጠን ከጤነኞቹ ያነሰ ነበር። ሆስፒታል ሳይተኙ በቤታቸው ታምመው የዳኑትም ላይ ይህ ታይቷል።

በእርግጥ የተመረመሩት ሰዎች ቁጥር ጥቂት ነበር፤ ትንፋሽ ያጠረው ሁሉ ምክንያቱ ይኸው ነው ለማለትም አይቻልም። ማየት ደግሞ ማዳን አይደለም። ነገር ግን አንድ ነገር ተረጋግጧል። እነዚያ ሰዎች ሐሰተኞች አልነበሩም። «ያመኛል» ሲሉ ያመናቸው ማሽን አልነበረም፤ ማሽን ዘግይቶ ደረሰና ምስክር ሆነላቸው።

በአሜሪካ አገር የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ይህን የዜኖን ጋዝ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ዓመታቸው 12ና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የአየር አገባብን ለመመርመር እንዲያገለግል ፈቅዷል። ሆኖም ምርመራው በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በእንግሊዝና በመሳሰሉት አገሮች በተወሰኑ ሆስፒታሎች የሚሠራ ነው። ጋዙ ከታካሚው አጠገብ መዘጋጀት አለበት፤ መሣሪያው ውድ ነው፤ ባለሙያውም ጥቂት ነው። ስለዚህ ከዚህ ስብሰባ ወጥታችሁ «ዜኖን አንሡልኝ» እንድትሉ ወይም ውጭ ላሉ ልጆቻችሁ «ውሰዱኝ» ብላችሁ እንድትጽፉ አይደለም የመጣሁት።

ታዲያ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

ትምህርቱ ይጠቅመናል። አካል መልክ አለው፤ ሥራም አለው። ራጅ የሚያየው መልኩን ነው። ራጁ ንጹሕ ቢሆንም ትንፋሽ ካጠረ፣ ነገሩ አላለቀም ማለት ነው። የሳንባን ሥራ ለመለካት ደግሞ የግድ ዜኖን አያስፈልግም። ስፓይሮሜትር የሚባል በቱቦ እፍ የሚባልበት የትንፋሽ መለኪያ አለ። የደም ኦክሲጅን ጣት ላይ በሚደረግ ትንሽ ዕቃ ይለካል። ስድስት ደቂቃ አስሄዶ ማየትም አንድ ምርመራ ነው። የትንፋሽ ማጠር ከልብ ወይም ከደም ማነስ ሊመጣ ስለሚችል እነዚያም መታየት አለባቸው። እንግዲህ ሐኪም ዘንድ ስንሄድ «ያመኛል» ብቻ አንበል። መቼ እንደ ጀመረ፣ ስንት እርምጃ ሄደን እንደምናርፍ፣ ሌሊት ያስነሣን እንደ ሆነ፣ በምን ማገዶ እንደምንጋግር፣ የሳንባ ነቀርሳ ይዞን ያውቅ እንደ ሆነ እንናገር። ከዚያም «ሥዕሉ ደኅና ከሆነ፣ ሥራው ይለካልኝ» እንበል። ይህ ድፍረት አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ጭስ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በ2020 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። በማገዶ፣ በኩበትና በከሰል የምናበስል ሰዎች ይህን ቁጥር እንደ ሩቅ አገር ወሬ ልንሰማው አይገባም። ያቺን 70 ካሬ ሜትር በየቀኑ ጥላሸት የሚቀባት እሱ ነው። በእንጀራ ቀን ማድ ቤቱ በርና መስኮቱ ይከፈት፤ ጭስ ማውጫ ይበጅለት፤ በጀርባ የታዘለ ሕፃን ምድጃ ዳር አይዋል። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳልም ካለ ቶሎ የነቀርሳ ምርመራ ይደረግ፤ ነቀርሳ ይድናል፤ ሲዘገይ ግን ከዳነም በኋላ በሳንባ ላይ ጠባሳ ትቶ ሊሄድ ይችላል።

ሦስተኛው ነገር እድራችንን ራሱን የሚመለከት ነው። እንደ ብዙዎቹ እድሮች ሁሉ በእኛም ደንብ ለቀብር ያልወጣ አባል ይቀጣል። ደንቡ ተገቢ ነው፤ ያለ እሱ እድር አይቆምም። የታመመ ሰው ማስረጃ ካመጣ ይማራል። ነገር ግን ትንፋሽ ያጠረው ሰው ምን ማስረጃ ያመጣል? ያለው ወረቀት «ሳንባው ንጹሕ ነው» የሚል ነው። መቃብሩ ዳገት ላይ ነው። ወይ እንዳይቀጣ ብሎ እያለከለከ ይወጣል፣ ወይ ይቀርና ከቅጣቱ ይልቅ ሐሜቱ ይጎዳዋል። ድንኳን ሲተከልና ወንበር ሲሸከሙ ወደ ኋላ የሚሉትን ሁሉ ሰነፍ ማለት ቀላል ነው። ከእነሱ መካከል ግን አየር ከረጢታቸው ደርሶ ወደ ደማቸው ማለፍ ያቃተው ሊኖሩ ይችላሉ፤ ይህን ደግሞ እኛ በዓይናችን ልናየው አንችልም፤ ሲቲ ስካንም ያላየው ጊዜ አለ።

ስለዚህ ለኮሚቴው አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ትንፋሽ እንደሚያጥረው የገለጸ አባል፣ ራጁ ምንም ቢል፣ ዳገቱን እንዲወጣ አይገደድ። በምትኩ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ እንግዳ የመቀበል፣ ስም የመመዝገብ፣ ዕቃ የመቁጠር ሥራ ይሰጠው። በዚህ ሥራውን አይተውም፤ ክብሩም አይነካም። ምናልባት ከአሥር አንዱ ያታልለን ይሆናል። አንዱ ቢያታልለን የሚጎድለን የአንድ ቀን ጉልበት ነው። እውነተኛውን ግን ብንጠራጠረው ልናጣው የምንችለው ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ጡሩምባው የሚነፋው ለእሱ ነው።

ሊቃውንቱ ብርሃንና ብረት፣ በረዶና ማግኔት አሰባስበው አንዲት ትንፋሽ ለ15 ሴኮንድ እንድትታይ አደረጉ። ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ ያገኙት መልስ አንዱ፣ ሕመምተኛው ሲናገር የነበረው እውነት መሆኑን ነው። እኛ ማሽኑ የለንም። ሰው ሲናገር የማመን ችሎታ ግን አለን፤ እሱም ወጪ አይጠይቅም።